ተቀባይነት ያገኘ ተማሪ ኮሌጁን ሄዶ የሚያይበትን ጊዜ ስለ መምረጥ

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

በሬ ለመግዛት ገበያ የወጣ ገበሬ፥ ነጋዴው ስለ በሬው በተናገረው ቃል ብቻ ተማምኖ ገንዘቡን ቆጥሮ አይሰጥም። ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ያውቃል፤ አስኪዶ እግሩን ይመለከታል፤ ቢቻለውም ቀንበር ተጭኖበት ሲያርስ ለማየት ይሻል። እንዲህ የሚጠነቀቀው የቤቱ ኑሮ በዚያ በሬ ጫንቃ ላይ የሚያርፍ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ ልጁን ለ4 ዓመት ለትምህርት የሚሰድድ ወላጅ፥ ለዚያውም ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ወይም የሚበደር ወላጅ፥ ኮሌጁን ከዚህ ባነሰ ጥንቃቄ ሊመርጠው አይገባም።

ይህ ትምህርት የሚናገረው በአሜሪካ አገር ስላለው ልማድ ነው። በዚያ አገር ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ይልቁንም በዋሽንግተን ከተማና በአጠገቧ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች በብዛት ይገኛሉ። ልጆቻቸው ለኮሌጅ በደረሱ ጊዜ አገር ቤት ያለውን ዘመዳቸውን፥ በተለይም መምህሩንና ነገር አዋቂውን ሽማግሌ፥ ምክር መጠየቃቸው አይቀርም። ከአገራችን ትምህርት ቤቶች በቀጥታ አመልክተው ተቀባይነት የሚያገኙ ተማሪዎችም አሉ። ስለዚህ መካሪ የሆነ ሰው ሥርዓቱን ማወቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ ሥርዓቱ እንዴት ነው?

በአገራችን 12ኛ ክፍልን ጨርሶ የመልቀቂያውን ፈተና ያለፈ ተማሪ የሚወዳቸውን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በተራ ጽፎ ያቀርባል፤ የሚሄድበትን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ግን ትምህርት ሚኒስቴር ነው። በአሜሪካ እንዲህ አይደለም። ተማሪው ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ጊዜ ማመልከት ይችላል፤ እያንዳንዱም ኮሌጅ ለብቻው ይመረምረዋል። ከ3 ወይም ከ4 ኮሌጆች የተቀበልንህ ደብዳቤ የደረሰው ተማሪ ከዚያ ወዲያ መራጩ ራሱ ይሆናል። አስቀድሞ ደጅ ሲጠና የነበረው አሁን ደጅ ይጠናለታል ማለት ነው።

ብዙዎቹ ኮሌጆች መልሳቸውን የሚሰጡት እስከ መጋቢት 22 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም በፈረንጆች አቆጣጠር የማርች ወር መጨረሻ ነው። ተማሪው ደግሞ ሐሳቡን ቆርጦ ለአንዱ ኮሌጅ ቀብድ የሚከፍልበት የተለመደው የመጨረሻ ቀን ሜይ 1 ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ቀን ይውላል። ቀብዱ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ ሐሳቡን ለለወጠ ሰውም ብዙውን ጊዜ አይመለስለትም። ችግረኛ ለሆነ ተማሪ ግን ቀብዱን የሚምሩ ኮሌጆች ስላሉ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ለሁለት ኮሌጆች ቀብድ ከፍሎ ሁለቱንም እመጣለሁ ብሎ ማታለል ነው፤ የሌላውን ተማሪ ስፍራ ይዞ ማስቀረት ነውና።

ከዚህ ሥርዓት የሚለዩ ሁለት ዓይነት ተማሪዎች አሉ። አንደኛው ቀድሞ አመልክቶ መልሱን በታኅሣሥ ወይም በጥር ያገኘ፥ ነገር ግን እስከ ሚያዝያ 23 ለመወሰን ነፃነት ያለው ነው። ይህ ተማሪ ሰፊ ጊዜ ስላለው በጥርና በየካቲትም ሊጎበኝ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መጀመሪያ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ «ከተቀበላችሁኝ በእርግጥ እመጣለሁ» ብሎ ቃል ገብቶ የሚያመለክት ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ የሚሰጠው የገንዘብ ዕርዳታ የማይበቃው ካልሆነ በቀር በቃሉ ይታሰራል፤ ስለዚህ ማየት የሚገባው ከተቀበሉት በኋላ ሳይሆን ከማመልከቱ በፊት ነው። ከታሰሩ በኋላ መመርመር ከሠርግ በኋላ ሽማግሌ እንደ መላክ ነው።

2ኛ፤ የ30 ቀን ዘመን

ከመጋቢት 23 እስከ ሚያዝያ 23 ያለው ጊዜ 30 ቀን ያህል ነው። በዚህ አንድ ወር ውስጥ ተማሪው የ12ኛ ክፍል ትምህርቱን አያቋርጥም፤ ወላጆቹም ሥራቸውን አይተዉም። ኮሌጆቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው የተራራቁ ናቸው፤ ከዋሽንግተን ከተማ እስከ ምዕራቡ ዳርቻ እስከ ሲያትል ድረስ በአይሮፕላን 5 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያስኬዳል። ስለዚህ ቀኑን አስቀድሞ ያልቆረጠ ቤተ ሰብ ወሩ ሳያውቀው ያልቅበታል።

ወሩን በ4 ከፍሎ መጠቀም መልካም ነው። ከመጋቢት 23 እስከ 30 ባለው ሳምንት ደብዳቤዎቹን ሁሉ በአንድነት ዘርግቶ ማንበብ፥ የገንዘቡን ሒሳብ ማድረግና የማይሆኑትን ኮሌጆች መተው ነው። ከሚያዝያ 1 እስከ 12 ባለው ጊዜ የቀሩትን ሁለት ወይም ሦስት ኮሌጆች ሄዶ ማየት ነው። ከሚያዝያ 13 እስከ 20 ድረስ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ መምከርና ያልተረዳውን ነገር ኮሌጁን እንደገና መጠየቅ ነው። የቀሩት 3 ቀኖች ለውሳኔና ለቀብድ ይሁኑ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሁሉ፥ በመጨረሻዋ ሌሊት የሚወስን ሰው ከሐሳቡ ይልቅ ድንጋጤው ይመራዋል።

ይህ የተለመደው ቀን ግን የማይነቃነቅ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የኮሌጆች ግቢ በተዘጋ ጊዜ ብዙ ኮሌጆች ቀኑን እስከ ግንቦት 24 አራዝመውት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች የመንግሥት ዕርዳታ የሚጠይቁበት ፋፍሳ የሚባለው አዲሱ ማመልከቻ ከተለመደው ጊዜ ብዙ ዘግይቶ ስለ ወጣ፥ የገንዘቡም ደብዳቤ አብሮ ስለ ዘገየ፥ ብዙ ኮሌጆች እስከ ግንቦት 7 ወይም እስከ ግንቦት 24 ጊዜ ሰጡ። ስለዚህ በቂ ምክንያት ያለው ተማሪ ቀኑ ሳያልፍ በትሕትና ጽፎ ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ ይችላል። ቀኑ ካለፈ በኋላ መጠየቅ ግን ለመልካም አይሆንም።

3ኛ፤ የማይመቹ ጊዜያት

የኮሌጅ ግቢ እንደ እርሻ ነው፤ የሚዘራበትና የሚታጨድበት፥ የሚያርፍበትም ጊዜ አለው። ባረፈበት ጊዜ የሚያየው ሰው አዝመራውን አያውቀውም። መወገድ የሚገባቸው ጊዜያት እነዚህ ናቸው።

ሀ) የዕረፍት ሳምንት። አብዛኞቹ ኮሌጆች በፈረንጆች ማርች ወር ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ትምህርት ያቆማሉ። በዚያ ሳምንት የሚሄድ እንግዳ ሕንፃዎቹን እንጂ ሰዎቹን አያገኝም።

ለ) የፈተና ሰሞን። ትምህርታቸው በመንፈቅ በመንፈቅ የሚከፈል ኮሌጆች የማጠቃለያ ፈተናቸውን የሚሰጡት ከሚያዝያ ወር ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ሰሞን ተማሪዎቹ በጥናት ተጠምደዋል፤ መምህራኑም እንግዳ ለማነጋገር ጊዜ የላቸውም። ዓመቱን በሩብ በሩብ የሚከፍሉ ኮሌጆች ግን ከዚህ ይለያሉ። ለምሳሌ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጸደዩን ትምህርት የሚጀምረው በማርች ወር መጨረሻ ሲሆን የሚፈጽመው በጁን ነው፤ ስለዚህ ሚያዝያ ወር በሙሉ ትምህርት ላይ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ ስሙ ከዋና ከተማው ጋር አንድ ይሁን እንጂ የሚገኘው በሲያትል እንደ ሆነ መካሪው ልብ ይበል።

ሐ) ቅዳሜና እሑድ። በነዚህ ቀኖች ትምህርት የለም፤ ብዙ ጽሕፈት ቤቶችም ዝግ ናቸው። ዓርብ ከቀትር በኋላም እንዲሁ ግቢው መሳሳት ይጀምራል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት ቀኖች ይሻላሉ።

መ) የበጋቸው ዕረፍት። በሰኔ፥ በሐምሌና በነሐሴ፥ በእኛ አገር ክረምት በገባበት ጊዜ፥ በእነርሱ ዘንድ በጋ ነው። ግቢው ለምለም ሆኖ ያምራል፤ ተማሪው ግን ጥቂት ነው፤ የምርጫውም ቀን ያን ጊዜ አልፏል።

በአገራችንም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ስለ ተደረገ፥ ብዙ የገጠር ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ተፈታኝ ሆነው ነው። ነገር ግን በፈተና ቀን የታየ ግቢ የዘወትር መልኩን አያሳይም። መምህሩ ይህን ምሳሌ ቢጠቀም ተማሪዎቹ የትምህርቱን ነገር ቶሎ ይረዱታል።

4ኛ፤ የድግስ ቀንና የሥራ ቀን

ኮሌጆቹ ለተቀበሏቸው ተማሪዎች ብለው በሚያዝያ ወር ልዩ የእንግድነት ቀን ያዘጋጃሉ። በዚያ ቀን አለቆቹ ንግግር ያደርጋሉ፤ መምህራኑ ይቀርባሉ፤ ምግቡ ይሻሻላል፤ ግቢውም ይጠረጋል። ይህ ቀን ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ሌላ ጊዜ በየቢሮው ተበታትኖ የሚገኘውን ሰው ሁሉ በአንድ አዳራሽ ያገናኛል፤ ወደፊት አብረው የሚማሩትንም ልጆች ያስተዋውቃል። ነገር ግን ሙሽራን በሠርጓ ዕለት ብቻ ያየ ሰው ጠባይዋን አወቅሁ አይልም። የዘወትሩ ኑሮ የሚታየው በሥራ ቀን ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ይመረጣል? ቤቱ ለኮሌጁ ቅርብ የሆነ ተማሪ ሁለቱንም ይሂድ። ቤቱ ሩቅ ሆኖ የሚችለው አንድ ጉዞ ብቻ ከሆነ፥ ሁለቱን ቀን አያይዞ ቢሄድ ይጠቅመዋል፤ ይኸውም የእንግድነቱ ቀን ዓርብ ከሆነ ሐሙስ ጠዋት ደርሶ ክፍል ገብቶ መስማት፥ ሌሊቱንም ኮሌጁ ቢፈቅድለት በተማሪዎች ማደሪያ ማደር፥ በማግሥቱም በድግሱ መገኘት ነው። ሁለቱን ማያያዝ ካልተቻለ የሥራውን ቀን ይምረጥ። በድግስ የሚነገረውን ቃል በጽሑፍም ማግኘት ይችላል፤ የዘወትሩን ቀን ግን በዓይን ካላዩት በጽሑፍ አያገኙትም።

የጉዞው ወጪ የሚከብዳቸው ተማሪዎች ተስፋ አይቁረጡ። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ተማሪዎች የአይሮፕላኑን ወይም የአውቶቡሱን ዋጋ የሚከፍሉ፥ ማደሪያም የሚሰጡ አንዳንድ ኮሌጆች አሉ። ይህ የሚገኘው ግን ደብዳቤው እንደ ደረሰ ወዲያው ለጠየቀ ነው።

5ኛ፤ ከገንዘቡ ደብዳቤ በኋላ

ጊዜ ስለ መምረጥ ከተነገረው ሁሉ የሚበልጠው ምክር ይህ ነው፤ ኮሌጁ ምን ያህል እንደሚረዳ የሚገልጸው ደብዳቤ ሳይደርስ አትሂዱ። ተማሪው ግቢውን አይቶ ልቡ ከተማረከ በኋላ ዋጋው ቢገለጥ፥ ወላጅ ልጁን ላለማሳዘን ብሎ የማይችለውን ብድር ይሸከማል። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን ማለት ይህ ነው።

ደብዳቤው ሲነበብ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ስጦታና ብድር። ስጦታው የማይመለስ ነው፤ ብድሩ ግን በአንድ ወረቀት ላይ «ዕርዳታ» ተብሎ ቢጻፍም ከነወለዱ የሚከፈል ዕዳ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንዱ ኮሌጅ የዓመት ወጪ 60,000 ዶላር ቢሆንና 45,000 ስጦታ ቢሰጥ፥ ከቤተ ሰቡ የሚፈለገው 15,000 ነው። የሌላው ኮሌጅ ወጪ 28,000 ብቻ ሆኖ ስጦታው 10,000 ቢሆን፥ የሚፈለገው 18,000 ነው። እንግዲህ በስም ርካሽ የሆነው በእውነቱ በዓመት 3,000፥ በ4 ዓመትም 12,000 ዶላር ይበልጣል። ይህን ሒሳብ ሳያደርግ የሄደ ሰው ምን መጠየቅ እንደሚገባው አያውቅም።

ደብዳቤውን ይዞ የሄደ ወላጅ ግን ወደ ዕርዳታው ጽሕፈት ቤት ገብቶ እነዚህን ይጠይቃል፤ ይህ ስጦታ በ2ኛው፥ በ3ኛውና በ4ኛው ዓመት ይቀጥላል ወይ? እንዲቀጥል ተማሪው ምን ያህል ውጤት ማምጣት አለበት? የማደሪያውና የምግቡ ዋጋ በየዓመቱ ቢጨምር ስጦታውም ይጨምራል ወይ? የቤተ ሰቡ ገቢ ቢቀንስ እንደገና ይመረመራል ወይ? መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይገባል፤ የአፍ ቃል ይረሳልና።

6ኛ፤ ጾምና በዓል

በሃይማኖታቸው የሚጾሙ ቤተ ሰቦች ሌላ የሚያስቡት ነገር አለ። የኦርቶዶክሳውያን ዐቢይ ጾምና ሰሙነ ሕማማት ብዙ ጊዜ የሚውሉት በዚሁ በምርጫው ወር ነው። በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ፤ የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ በሚያዝያ 4፥ የ2019 ዓ.ም. ደግሞ በሚያዝያ 24 ነው። በዚህ በመጨረሻው ዓመት የቀብዱ ቀን ሚያዝያ 23 የፋሲካ ዋዜማ ቀዳም ሥዑር ነው፤ ወሩም በሙሉ ጾም ነው። እንዲህ በሚሆንበት ዓመት ጉዞውን ከሕማማት በፊት መፈጸም፥ ውሳኔውንም አስቀድሞ መጨረስ ያስፈልጋል።

የእስላሞች የረመዳን ጾም ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደፊት ስለሚቀድም አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ወር ጋር ይገናኛል። በ2016 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 2 ቀን በመዋሉ የምርጫው ወር መጀመሪያ በጾም ላይ ነበረ።

ይሁን እንጂ በጾም ጊዜ መሄድ ጥቅምም አለው። የጾም ምግብ በኮሌጁ አዳራሽ ይገኛል ወይ? ሲነጋና ሲመሽ ለሚበላ ተማሪ የሚደረግ ዝግጅት አለ ወይ? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በቅርብ ይገኛል ወይ? ይህን በጾም የሄደ ሰው ሳይጠይቅ በዓይኑ ያየዋል። ልጁ ለ4 ዓመት የሚኖረው በፍስክ ቀን ብቻ አይደለምና።

7ኛ፤ ሄዶ ማየት ለማይችል

ከአገር ቤት ያመለከተ ተማሪ ሄዶ ለማየት አይቻለውም ማለት ይቀላል። መንገዱ ሩቅ፥ ዋጋውም ከባድ ነው። ኤፍ-1 የሚባለው የተማሪ ቪዛም ትምህርቱ ከሚጀመርበት ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድሞ ወደ አሜሪካ ለመግባት አያስችልም፤ ትምህርቱ የሚጀመረው ደግሞ በነሐሴ ወይም በመስከረም ስለ ሆነ ከምርጫው ቀን በኋላ ነው። በቀድሞ ዘመን ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችም ሳያዩ ነው የሄዱት። ከነርሱ አንዱ ዶክተር መላኩ በያን ሲሆኑ፥ በኦሃዮ ግዛት በመስኪንገም ኮሌጅ ተምረው፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ከሚገኘው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በዚያን ጊዜ መንገዱ በመርከብ ነበረና አይቶ ተመልሶ መምረጥ የማይታሰብ ነገር ነበረ።

ዛሬ ግን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በኢንተርኔት በቪዲዮ መገናኘት ነው። ጊዜው ሲቀጠር የሰዓቱን ልዩነት ማሰብ ይገባል፤ በሚያዝያ ወር በዋሽንግተን ከተማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ በሲያትል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ግን በአዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ሁለተኛው መንገድ እንደራሴ መላክ ነው። በኮሌጁ አጠገብ የሚኖር ዘመድ ወይም የታመነ ያገር ሰው ካለ፥ ጥያቄዎቹን ጽፎ ሰጥቶ በአንድ የሥራ ቀን እንዲሄድ መለመን ነው። የላኩት ሰው አይቶ የመጣውን ሲናገር ተማሪው በጽሑፍ ይያዝ።

ማጠቃለያ

የጉብኝት ጊዜ ሲመረጥ ሦስት ነገሮች በአንድነት ይታዩ፤ የገንዘቡ ደብዳቤ የደረሰ ይሁን፤ ትምህርቱ በመሰጠት ላይ ይሁን፤ ከውሳኔው ቀን በፊትም ለምክር የሚበቃ ጊዜ ይቅር። እነዚህ ሦስቱ የተገናኙበት ቀን መልካም ቀን ነው። ተማሪው ከሄደ በኋላ መሪ ሆኖ የሚያዞረውን ብቻ ሳይሆን በመንገድ ያገኘውን ተማሪ ይጠይቅ፤ በአዳራሹ ይብላ፤ በክፍል ተቀምጦ ይስማ፤ ከገቡት ተማሪዎች ስንቱ በ4 ዓመት እንደሚጨርሱ ይጠይቅ። ተምሮ ሳይጨርስ ዕዳ ይዞ መውጣት ከሁሉ የከፋ ነውና።

ሽማግሎችም ሲመክሩ የኮሌጁን ስምና ዝና ብቻ አይመልከቱ። ልጁ የሚያድርበትን፥ የሚበላውን፥ የሚከፍለውንና የሚያስተምረውን ሰው አይቶ እንዲወስን ያግዙት። ከወሰነ በኋላ ግን ምርጫውን አክብረው ይመርቁት።

ጥያቄዎች

1) ለምርጫ የተሰጠው ጊዜ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ነው? ስንት ቀን ይሆናል?
2) ከማመልከቱ በፊት ኮሌጁን ማየት የሚገባው ተማሪ የትኛው ነው? ስለ ምን?
3) በመንፈቅና በሩብ ዓመት የሚያስተምሩ ኮሌጆች በሚያዝያ መጨረሻ በምን ይለያያሉ?
4) የአንድ ኮሌጅ ወጪ 52,000 ዶላር፥ ስጦታው 38,000፥ ብድሩ 5,000 ቢሆን፥ ብድሩ ዕዳ መሆኑን አስበህ ቤተ ሰቡ በእውነት የሚሸከመውን አስላ።
5) መምህሩ ከመጋቢት 23 እስከ ሚያዝያ 23 ያሉትን ቀኖች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ተማሪዎቹም የ2019 ዓ.ም.ን ሰሙነ ሕማማት ለይተው፥ ሁለት ኮሌጆችን ለመጎብኘት የሚመቹትን ቀኖች ከነምክንያታቸው ያመልክቱ።